ግልገል ድመትን ንጽሕና ስለ ማስለመድ

ድመት ለሰው ቤት ከጥንት ጀምሮ የታመነች ዘበኛ ናት። እህል ባለበት ሁሉ አይጥ አለ፤ አይጥ ባለበትም ሁሉ ድመት ትፈለጋለች። ነገር ግን ቤቱን እንድትጠብቅ የመጣችው ራሷ ቤቱን የምታቆሽሽ በሆነች ጊዜ፤ ባለቤቱ ከአይጡና ከክፉው ሽታ አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንበታል። አብዛኛውን ጊዜም የሚፈረደው በድመቲቱ ላይ ነው። ይህም ፍርድ ብዙ ጊዜ ምስክር ሳይሰማ የሚሰጥ ፍርድ ነው።

ለዚህ ነገር በአስመራ ከተማ ባንድ ግቢ ውስጥ የሆነው ምሳሌ ሊሆን ይችላል። በቤቱ የሚኖሩት ከመንግሥት ሥራ ጡረታ የወጡ አንድ ሽማግሌ፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ፤ ወንድ ልጃቸው ከነሚስቱና የዘጠኝ ዓመት የልጅ ልጃቸው ናቸው። የጓዳው የእህል ጆንያ በአይጥ ተቀዶ ስለ ተገኘ፤ ልጁ ከጎረቤት አንዲት ግልገል ድመት ተሰጥቶት በነጠላ ጠቅልሎ አመጣ። በሁለተኛው ሌሊት ግልገሏ በወይዘሮዋ ፍራሽ ላይ ሸናች። በሦስተኛው ቀን ከአልጋው ሥር ተጸዳዳች። በአራተኛው ቀን ደግሞ ፍራሹ ታጥቦና ደርቆ ከተመለሰ በኋላ፤ ከዚያው ከመጀመሪያው ስፍራ ላይ ደገመች።

ወይዘሮዋም «ቅዳሜ በጆንያ ተደርጋ ከከተማ ውጭ ትጣል» ብለው ቈረጡ። ምራታቸው የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ስለ ነበረች፤ የሰፈሩ ሴቶች «የድመት ጠጉር ለጽንስ አይበጅም» እያሉ ነገሩን አባባሱት። ልጁ ምሳውን ሳይበላ ዋለ። ያን ጊዜ ሽማግሌው «ስምንት ቀን ስጡኝ፤ በስምንተኛው ቀን ካልታረመች እኔው ራሴ እወስዳታለሁ» አሉ። ወይዘሮዋም የባላቸውን ቃል አክብረው ተቀበሉ። በማግሥቱ ሽማግሌው የእንስሳት ሐኪም ከሆኑ ወዳጃቸው ዘንድ ሄደው ነገሩን ካንድ እስከ መጨረሻ ጠየቁ።

ሐኪሙ በመጀመሪያ የተናገሩት ነገር ሽማግሌውን አስገረማቸው። ድመትን ቆሻሻዋን እንድትቀብር ማንም አያስተምራትም፤ ይህ ከተፈጥሮዋ ያለ ነገር ነው፤ ሰው የሚያስተምራት ስፍራውን ብቻ ነው አሏቸው።

በውነቱም ነገሩ እንደዚህ ነው። ግልገል ድመት ስትወለድ ዓይኗ የተከደነ ሲሆን፤ የሚገለጠው ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ነው። በነዚህ የመጀመሪያ ሳምንታት በራሷ ለመጸዳዳት አይቻላትም። እናቲቱ ሆዷንና ከጅራቷ በታች ያለውን ስፍራ በምላሷ ስትልሳት ብቻ ሽንቷና ዓይነ ምድሯ ይወጣል። እናቲቱም የወጣውን ሁሉ ልሳ ስለምታጠፋው፤ ድመት የወለደችበት ስፍራ ብዙ ጊዜ ንጹሕ ሆኖ ይገኛል። እናቷ የሞተችባት ግልገል ብትገኝ ይህንኑ ሥራ ሰው ሊሠራላት ይገባል፤ ይኸውም ወተት በጠጣች ቍጥር፤ ለብ ባለ ውሃ በተነከረ ለስላሳ ጨርቅ ያንኑ ስፍራ በቀስታ ማሻሸት ነው።

ከ3 እስከ 4 ሳምንት ሲሞላት ግን ነገሩ ይለወጣል። ግልገሏ በራሷ መጸዳዳት ትጀምራለች፤ ልል አፈር ወይም አሸዋ ስታገኝም ማንም ሳያሳያት በእግሯ ትጭራለች። እናቷ ከአጠገቧ ካለች ደግሞ የእናቷን ሽታ ተከትላ ስፍራውን ቶሎ ታውቀዋለች። አንዲት ግልገል ቢያንስ እስከ 8 ሳምንት ከእናቷ ጋራ መቈየት ይገባታል የሚባለው ካንድም ሁለት ምክንያት ነው፤ ጡቱ አንድ ነው፤ ጠባዩና ሥርዓቱ ሌላ ነው። የሽማግሌው ቤት ግልገል የተወሰደችው ገና በ6 ሳምንቷ ስለ ነበረ፤ ከእናቷ የምትቀስመው ሁሉ ገና አልተፈጸመላትም ነበር።

የዚህን ጠባይ መነሻ ለማወቅ ወደ ኋላ ራቅ ብሎ መመልከት ያስፈልጋል። በ2007 ዓ. ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የታተመ የዘር ምርመራ፤ በዓለም ያሉት የቤት ድመቶች ሁሉ የመጡት ከመካከለኛው ምሥራቅ የዱር ድመት መሆኑን አስረድቷል። ይህም የዱር ድመት በሰሜን አፍሪካም የሚገኝ፤ በደረቅና በአሸዋማ አገር የሚኖር ወገን ነው። ከዚያም ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ በ2004 ዓ. ም. የፈረንሳይ የጥንት ታሪክ ተመራማሪዎች በቆጵሮስ ደሴት ከሰው መቃብር አጠገብ የተቀበረች ድመት ማግኘታቸውን አስታወቁ። የመቃብሩም ዕድሜ ወደ 9,500 ዓመት ይገመታል። በደሴቲቱ የዱር ድመት ከጥንት ስላልነበረ፤ ድመቲቱን በጀልባ ያሻገራት ሰው እንደ ሆነ ይታመናል። እንግዲህ ድመት አሸዋ ስትጭር የምትፈጽመው ከሰው ቤት ሳትገባ በፊት የነበራትን ሥርዓት ነው ማለት ነው።

«ድመት መንኵሳ ዓመሏን አትረሳ» ይባላል። ምሳሌው የተነገረው ለነቀፋ ቢሆንም፤ በዚህ ነገር ግን ዓመሏን አለመርሳቷ ለሰው የሚጠቅም ሆኖ ይገኛል። በሽማግሌው ቤት ወለሉ ሁሉ ሲሚንቶ ነው፤ ግቢውም በድንጋይ የተነጠፈ ነው። ግልገሏ ልትጭረው የምትችል ልል ነገር ብትፈልግ ያገኘችው የወይዘሮዋን ፍራሽ ብቻ ነበር። ስለዚህ ፍራሹ ላይ መሽናቷ ከክፋት ወይም ከድፍረት የመጣ ሳይሆን፤ ተፈጥሮዋ የጠየቀውን ስፍራ በማጣቷ ነው።

ወደ ሥራው ስንመለስ፤ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ዕቃ ነው። ለግልገል የሚሆነው ሣጥን ጠርዙ ዝቅ ያለ፤ በትንንሽ እግሮቿ ልትሻገረው የምትችል መሆን አለበት። ያረጀ የቡና ትሪ፤ ዝቅ ተደርጎ የተቈረጠ ካርቶን ውስጡ ላስቲክ ተነጥፎበት፤ ወይም የማይፈለግ ጠፍጣፋ ሳፋ ይበቃል። ስታድግ ግን ሣጥኑም ማደግ ይገባዋል፤ ለጎልማሳ ድመት የሚስማማው ርዝመቱ የሰውነቷን አንድ ተኩል ያህል የሆነ ነው። ጠባብ ሣጥን የተሰጣት ድመት እግሯን ከውስጥ አድርጋ ቆሻሻውን ከውጭ ብትጥል ሊፈረድባት አይገባም።

ሁለተኛው በሣጥኑ ውስጥ የሚፈሰው ነገር ነው። ከቅርብ ጊዜ በፊት በየአገሩ የሚሠራበት አሸዋ፤ አፈርና አመድ ነበር። አመድ ሽታን ይቀንሳል፤ ነገር ግን ከድመቲቱ እግር ጋራ እየተጣበቀ ወለሉን ሁሉ ያጠቍራል። በአሜሪካ በሚሺጋን ግዛት በ1947 ዓ. ም. ኤድዋርድ ሎው የተባለ ሰው ጎረቤቱ ለድመቷ አሸዋ ብትለምነው፤ በመጋዘኑ የነበረውን ዘይትና እርጥበት የሚመጥ ደረቅ የሸክላ አፈር ሰጣት። ሴትዮዋም በጣም ስለ ወደደችው ዳግመኛ መጣች። ከዚያም ወዲህ ለድመት ተብሎ የተዘጋጀ አፈር በከረጢት እየሆነ በብዙ አገር ይሸጣል። ኋላም በ1980ዎቹ ሽንት ሲነካው ወዲያው የሚጓጕል፤ ቤንቶናይት ከሚባል ሸክላ የተዘጋጀ ዐይነት ወጣ።

ይህ የሚጓጕለው አፈር ለጎልማሳ ድመት መልካም ሲሆን፤ ለትንሽ ግልገል ግን አይመከርም። ግልገል እንደ ሕፃን ያገኘችውን ሁሉ በአፏ ትሞክራለችና፤ የተዋጠው አፈር በአንጀቷ ውስጥ እርጥበት አግኝቶ ሊጓጕል ይችላል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ወራት የማይጓጕለው ይሻላል። የሚሸጥ ከሌለም በወንፊት የተነፋ ደቃቅ አሸዋ፤ ወይም ካልተቀባ እንጨት የወጣ አቧራ ያልበዛበት ሰጋቱራ ያገለግላል። ቁመቱ ሦስት ወይም አራት ጣት ያህል ከሆነ ይበቃል። ሽቶ ያለበትን ግን መራቅ ነው፤ ለሰው አፍንጫ ደስ የሚለው ሽታ ድመትን ያርቃታልና።

ሦስተኛው የሣጥኑ ስፍራ ነው። ድመት ከምትበላበትና ከምትጠጣበት አጠገብ መጸዳዳት አትወድም። ስለዚህ ሣጥኑ ከሳሕኗ ራቅ ብሎ፤ ሰው ከማይተራመስበትና ጩኸት ከሌለበት ማእዘን መቀመጥ አለበት። ደግሞም በሩ ሊዘጋ በሚችል ክፍል ከሆነ፤ በሩ ሁልጊዜ ገርበብ ማለት ይገባዋል። ቤቱ ሰፊ ከሆነ ለግልገል ሁለት ሣጥን ማኖር ይሻላል፤ ትንሽ ልጅ ሩቅ መንገድ መታገሥ እንደማይችል እርሷም እንደዚሁ ናትና። ብዙ ድመት ባለበት ቤት ደግሞ የሣጥኑ ቍጥር ከድመቶቹ ቍጥር ባንድ እንዲበልጥ ሐኪሞች ይመክራሉ።

አዲስ የመጣች ግልገል በቤቱ ሁሉ እንድትዘዋወር ወዲያው መልቀቅ ስሕተት ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ባንዲት ትንሽ ክፍል ከመኝታዋ፤ ከምግቧና ከሣጥኗ ጋራ ትቀመጥ። ስፍራውን ማወቋ ሲረጋገጥ ቀስ በቀስ ሌላው ክፍል ይከፈትላት።

አራተኛው ጊዜውን ማወቅ ነው። ግልገል የምትጸዳዳው በተለይ ከእንቅልፏ ስትነቃ፤ ከበላች በኋላና ከተጫወተች በኋላ ነው። ምግብ ወደ ሆድ ሲገባ አንጀትን ያንቀሳቅሰዋልና፤ ምግቧ ሰዓት ካለው መጸዳጃዋም ሰዓት ይኖረዋል። በነዚህ ጊዜያት ግልገሏን በቀስታ አንሥቶ ከሣጥኑ ማኖርና በጣት ወይም በዕንጨት አሸዋውን ጥቂት ጫር ጫር አድርጎ ድምፁን ማሰማት ይበቃል። እግሯን ይዞ በግድ ማስጫር ግን አይገባም፤ ሣጥኑን የመያዣ ወጥመድ አድርጋ ልትቈጥረው ትችላለች። ወለሉን እያሸተተች የምትዞር፤ ማእዘን ፈልጋ የምትጭር ወይም የምታጎነብስ ከሆነችም ሰዓቷ መድረሱን ያመለክታል። በሣጥኑ ስትጸዳዳ ዝም ብሎ መተው፤ ከጨረሰች በኋላ በለስላሳ ቃል ማመስገን ወይም ጥቂት ቍራሽ መስጠት መልካም ነው።

ሰው ሁሉ ከሚሳሳትበት አንዱ ቅጣት ነው። ግልገሏን መምታት፤ መጮኽ፤ አፍንጫዋን ከሽንቷ ላይ ማሸት በብዙ ቤት የተለመደ ነው፤ ጥቅሙ ግን ከንቱ ነው። ድመት ቅጣቱን ካለፈው ሥራዋ ጋራ አታያይዘውም፤ ከቀጣት ሰው ጋራ ግን ታያይዘዋለች። ስለዚህ የምትማረው ሰው በሌለበት፤ ከአልጋ ሥርና ከቁም ሣጥን ኋላ ተሸሽጋ መጸዳዳትን ነው። በሽማግሌው ቤት በሦስተኛው ቀን ከአልጋው ሥር የተገኘው፤ በሁለተኛው ሌሊት ከተመታችው መጥረጊያ የተወለደ ነበር።

ሌላው ስሕተት በማጽጃው ነው። አንዴ የሸናችበት ስፍራ ሽታው ካልጠፋ ድመቲቱን ተመልሳ እንድትመጣ ይጠራታል፤ ሽታው ለሰው ባይሰማም ለእርሷ ይሰማታል። አሞኒያ ያለበት ማጽጃ የሽንትን ሽታ ስለሚመስል ይብሱን ይጠራታል። በረኪናን በሽንት ላይ ማፍሰስም አደገኛ ነው፤ በሽንት ውስጥ ካለው አሞኒያ ጋራ ተዋሕዶ ለመተንፈሻ የሚጎዳ ጢስ ያወጣልና። ከሁሉ የከፋው ግን በየቤቱ ሽታ ለማጥፋት የሚፈሰው ክሬኦሊን ነው። የድመት ጉበት በክሬኦሊን ውስጥ ያለውን የፌኖል ወገን መርዝ እንደ ሌሎች እንስሳት አጣርቶ ሊያስወግድ አይችልም። ወለሉን የረገጠች ድመት እግሯን ስትልስ መርዙን ትውጠዋለች፤ ለግልገልም ጥቂቱ ብቻ ለሞት ሊያበቃ ይችላል። የሚሻለው ሽንቱን በጨርቅ መጥጦ፤ በለብታ ውሃና በሳሙና አጥቦ፤ ደጋግሞ ማለቅለቅና በፀሐይ ማድረቅ ነው። ከተገኘም ለዚሁ የተዘጋጀ፤ ሽንቱን ራሱን የሚያፈርስ ኤንዛይም ያለበት ማጽጃ ከሁሉ ይበልጣል። ሣጥኑም ቢሆን የሚታጠበው በሙቅ ውሃና በሳሙና ብቻ ነው።

አምስተኛው ነገር ከትምህርት ይልቅ ሕክምናን የሚመለከት ነው። ሥርዓት የለመደች ድመት በድንገት ከሣጥኗ ውጭ ብትጸዳዳ፤ ከመቈጣት በፊት ሕመም እንዳላት መመርመር ይገባል። ግልገሎች በአንጀት ትልና በተቅማጥ ብዙ ጊዜ ይያዛሉ። በዓይነ ምድሯ ደም የታየባት፤ የከሳች ወይም ሆዷ ያበጠ ግልገል ለሐኪም መታየት አለባት። በተለይም ጎልማሳ ወንድ ድመት ወደ ሣጥኑ እየተመላለሰ እያማጠ ሽንት የማይወጣው ከሆነ፤ ቧንቧው ተዘግቶ ይሆናልና ነገ ሳይባል በዚያው ቀን ሐኪም ሊያየው ያስፈልጋል። ቢዘገይ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሞታል።

የቀረው የነፍሰ ጡሪቱ ነገር ነበር። ሽማግሌው ይህን ሲጠይቁ ሐኪሙ ሥጋቱን አላቃለሉትም፤ ስፍራውን ግን አስተካከሉት። የሚያሰጋው ጠጉሯ ሳይሆን፤ በዓይነ ምድሯ ውስጥ ሊገኝ የሚችል ቶክሶፕላዝማ የሚባል ረቂቅ ተሐዋሲ ነው። ይህን ተሐዋሲ በ1908 ዓ. ም. በቱኒስ ከተማ ኒኮልና ማንሶ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች፤ ጉንዲ በሚባል አይጥ መሰል የሰሜን አፍሪካ እንስሳ አግኝተውት ነበር። ዘሩ የሚወጣው በድመት ዓይነ ምድር መሆኑ ግን የታወቀው ከ60 ዓመት በኋላ ነው። አንዲት ሴት በእርግዝናዋ ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ቢይዛት ጽንሱን ሊጎዳው፤ ዓይኑንና አንጎሉን ሊያሳምመው ይችላል።

ይሁን እንጂ መከላከያው ከባድ አይደለም። ድመት ይህን ዘር የምታወጣው በመጀመሪያ በተያዘችበት ወቅት፤ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ለሚሆን ጊዜ ነው። የወጣውም ዘር ሰውን ለመያዝ የሚበቃው ከ1 እስከ 5 ቀን ከቈየ በኋላ ነው። ስለዚህ ሣጥኑ በየቀኑ ከተጸዳ አደጋው እጅግ ይቀንሳል። ነፍሰ ጡር ግን ሣጥኑን ሌላ ሰው እንዲያጸዳላት ይገባል። ሌላ ሰው ከጠፋም ጓንቲ አድርጋ ታጽዳ፤ እጇንም በሳሙና ትታጠብ። ለድመቲቱም ጥሬ ሥጋ አይሰጣት። ሐኪሙ ይህን ከተናገሩ በኋላ አንድ ነገር ጨመሩ፤ ይኸውም ሰዎች ይህን በሽታ ከድመታቸው ብቻ ሳይሆን፤ ካልበሰለ ሥጋ፤ ካልታጠበ ጎመንና ሰላጣ፤ ከጓሮ አፈርም የሚያገኙት መሆኑን ነው። ድመቲቱን አባርሮ ጥሬ ሥጋና ክትፎ ለነፍሰ ጡር ማቅረብ፤ መስኮት ዘግቶ በሩን መክፈት ነው አሏቸው።

ሽማግሌው ወደ ቤታቸው ተመልሰው የሰሙትን ሁሉ ለቤተ ሰቡ አስረዱ፤ ሥራውንም ራሳቸው ጀመሩ። ያረጀ ትሪ ፈልገው ከአናጺ ባመጡት ሰጋቱራ ሞሉት። በዕቃ ቤቱ ማእዘን አኖሩትና ግልገሏን ከነመኝታዋ በዚያው ዘጓት። ክሬኦሊኑ ከቤት ወጣ፤ መጥረጊያውም ለወለሉ ብቻ ሆነ። ልጁ የግልገሏን የምግብ ሰዓት በደብተሩ እየጻፈ ከበላች በኋላ ወደ ትሪው ይወስዳታል። ጧትና ማታ ቆሻሻውን የሚያነሡት ግን ሽማግሌው ራሳቸው ጓንቲ አድርገው ነው።

እስከ አምስተኛው ቀን አንድም ስሕተት አልታየም። በስድስተኛው ቀን ግን ግልገሏ ከዕቃ ቤቱ በር አጠገብ ተጸዳዳች፤ ወይዘሮዋም «ነግሬ ነበር» አሉ። ሽማግሌው ግን ነገሩን ሲመረምሩ፤ በዚያ ቀን ልብስ አጣቢዋ የቆርቆሮ ገንዳውን ከትሪው አጠገብ ስታስቀምጥ ድምፁ ግልገሏን አስደንግጧት እንደ ነበረ ተገነዘቡ። ገንዳው ወደ ግቢው ወጣ፤ ሰጋቱራውም ተለወጠ። በሰባተኛውና በስምንተኛው ቀን ትሪው እንጂ ሌላ ስፍራ አልተነካም።

ቅዳሜ ሲደርስ ጆንያው ከግድግዳው ላይ እንደ ተሰቀለ ነበር። ሽማግሌው ቃላቸውን ለመፈጸም «እንግዲህ ምን ትያለሽ?» ብለው ባለቤታቸውን ጠየቁ። ወይዘሮዋ መልስ አልሰጡም፤ ጆንያውን አውርደው የተቀደደውን ሰፉና እህል ጨመሩበት። ምራታቸውም «እማማ፤ እንግዲያስ አይጡን ትጠብቅልን» ብላ ሣቀች። ልጁ ያን ቀን ምሳውን ሳይለምኑት በላ።

ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፤ ከፍራሹና ከግልገሏ ሕይወት ይልቅ የሚረክሰው አንድ ትሪና ጥቂት ሰጋቱራ፤ የስምንት ቀንም ትዕግሥት ነው። ባለ ድመት የሆነ ሰው ሁሉ ከመፍረዱ አስቀድሞ፤ ያስለመዳት ስፍራ የት እንደ ሆነ ራሱን ቢጠይቅ ብዙ ጆንያ ለእህል ብቻ ይውል ነበር።